ደጅና ግቢ፦ በቆቦ ከተማ የማረፊያና የመኖሪያ ሥነ ሕንፃ ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል



የዛሬው ንግግሬ በከተማ ውስጥ ሰው የሚያርፍበትና ከቤተ ሰቡ ጋር ተከትቶ የሚኖርበት ሥነ ሕንፃ ታሪክ ነው። ይህ ርእስ ሲነሣ አሳባችን ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥት ወይም ወደ አዲስ አበባ ቪላዎች መሄድ ይቀናዋል። እኔ ግን ዛሬ የምወስዳችሁ ወደ ቆቦ ነው። ከወልድያ በስተሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በምዕራብ የላስታን ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ ይዛ በሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ 1,500 ሜትር ግድም የሆነች ሞቃት ከተማ ናት። ቤተ መንግሥት የላትም፤ ስሙ የታወቀ አርክቴክት የነደፈው ሕንፃም አላውቅባትም። የመረጥኋትም ስለዚህ ነው። ሰው ለማረፍ የሚሠራው ቦታ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከቤተ መንግሥት ይልቅ እንዲህ ያለችው ከተማ ታስተምራለች ብዬ አምናለሁ። በተጨማሪም ያደግሁባት ከተማ ናት፤ ኋላ እንደምናገረው፣ ያጠፋሁባትም ከተማ ናት።

ከቃላት ልጀምር። ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ቢያንስ ሦስት ቃላት አሉት። ማረፊያ፣ መዝናኛና መናፈሻ። ማረፊያ የደከመ ሰው ሸክሙን የሚያወርድበት ነው፤ መንገደኛም፣ እንግዳም፣ በመጨረሻም ሟች ያርፋል። መዝናኛ በከተማና በመሥሪያ ቤት አፍ የተለመደው ከሦስቱ ዘግይቶ ነው። መናፈሻ ግን ከነፋስ የወጣ ነው፤ ሰው አየር የሚቀበልበት ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የታጠረ ሣር፣ የተደረደረ አበባና የመግቢያ ቲኬት ይታየናል። ለቆቦ ሰው ግን መናፈስ ጥሬ ትርጉሙን አልለቀቀም። ፀሐይ የዋለችበት የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን ሲተነፍስ፣ ሰው ምንጣፉን ወይም ዱካውን ይዞ ነፋስ ወዳለበት ይወጣል። የምትወጣው ወዴት ነው? የሚለው ጥያቄ ነው የዚህ ንግግር መነሻ።

የአገራችን የሕንፃ ታሪክ ማረፍንና ብቻ መሆንን በየራሱ ስም ለይቶ ያውቃል። በጌቶች ግቢ አዳራሹ ግብር የሚበላበት፣ እልፍኙ ጌታው የሚከተትበት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለችው ደፍ ምን ያህል የከበደች እንደነበረች ከማዕርግ ስሞች እንረዳለን፤ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም የነበረን ሕዝብ ነን። ሥራው ሌላ ሳይሆን ማን ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ መወሰን ነበር። ደጃዝማች የሚለው ማዕርግም ደጅን በውስጡ ይዟል። ለማረፊያነት ከታነጹት ሁሉ በይበልጥ የሚታወቀው በጎንደር ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው፣ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ነው፤ በሰፊ የውኃ ገንዳ መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ፣ በዙሪያው ቅጥር፣ በቅጥሩ ላይ ሥራቸውን የዘረጉ ዛፎች። ልብ በሉ፤ ያ ስፍራ ዛሬ በየዓመቱ በጥምቀት ውኃ ይሞላና የሕዝብ ይሆናል። ለጥቂቶች የታጠረ ማረፊያ ለብዙዎች መሰብሰቢያ የሆነበት ምሳሌ ነው።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ስሙ ራሱ የሕንፃ መርሐ ግብር ነው። አይጠየፍ ማለት፣ ደሃውንም መንገደኛውንም ሳይንቅ የሚያስተናግድ ማለት ነው። እርግጥ ነው በአዳራሽ ውስጥ የአቀማመጥ ማዕርግ ነበረ፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቆርስ፣ ማን በየትኛው ተራ እንደሚገባ አጋፋሪው ያውቃል። ይሁን እንጂ ሕንፃው ሲጠራ በስፋቱ ወይም በቁመቱ ሳይሆን በማስተናገዱ መጠራቱን አትርሱብኝ። ለአንድ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና ይህ በሆነበት አገር ውስጥ ነው ቆቦን የምናየው።

የራያ ቆላ የገጠር ቤት የሜዳው ልጅ ነው። በደጋው ድንጋይ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን በትግራይ ደጋ በድንጋይ ግድግዳ ላይ የአፈር ጣሪያ የተሸከመው ህድሞ የሚሠራው ለዚህ ነው። በሜዳው ግን የሚገኘው እንጨት፣ ጭቃና የማሽላ አገዳ ነው። አገዳውን ከብት ይበላዋል፣ እናት ታነድደዋለች፣ አባወራው ያጥርበታል፣ ጥላ ይከድንበታል። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርዱትን የሆርማትንና የጎሊናን መሰል ወንዞች ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ የሚያሳድር ገበሬ፣ ቤቱንም እንደ ማሳው አያያዝ ያውቅበታል፤ የሚመጣውን መግታት ሳይሆን መንገድ መስጠት። ቤቱ ውስጥ ጓዳው የእናት ነው፣ መደቡ የእንግዳ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ግድግዳ የሌለው ጥላ ይቆማል፤ አራት ወይም ስድስት ባላ፣ በላዩ አገዳ ወይም ቅጠል። ቀኑን ሙሉ ቤተ ሰቡ የሚኖረው ከዚያ ጥላ ሥር ነው። እህል ይበጠርበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ሕፃን ይተኛበታል፣ ሽማግሌዎች ዕርቅ ያወርዱበታል። ታዲያ መኖሪያው የቱ ነው፣ ማረፊያውስ? የቤቱ ባለቤት ይህን ጥያቄ ብትጠይቁት የሚስቅባችሁ ይመስለኛል።

ይህን ስል የጥንቱ ቤት የግል ኑሮን አያውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ያውቅ ነበር፤ ግን በጊዜ ይሰፍረው ነበር። ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ ጫጉላ ቤት ነው። ሙሽሮቹ ለጥቂት ሳምንታት ከሰው ዐይን ተከልለው ይኖሩበት ዘንድ ለብቻው ይሠራል ወይም ይለያል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ሙሽራዋ ወደ ቤተ ሰቡ ኑሮ ትወጣለች። አራስ ቤትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው መከለል ሲያስፈልገው ይከለላል፤ ክልሉ ግን የቤቱ ቋሚ ግድግዳ ሆኖ አይቀርም።

የደጅንና የግቢን ትርጉም ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን ሶለል ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ተብሎ ይከበራል። ልጃገረዶች ሹርባቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን በቡድን እየሆኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በየግቢው ገብተው ይጫወታሉ፣ ባለቤቱን ያወድሳሉ፣ ስጦታ ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ። ነገሩን በሕንፃ ባለሙያ ዐይን እንየው። አንድ ከተማ በሙሉ ለተወሰኑ ቀናት ወደ መድረክነት ይለወጣል፤ መድረኩም አደባባዩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ግቢ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ክብ ሠርቶ ለመጨፈር የሚበቃ ባዶ መሬት፣ እና ሳያንኳኩ የሚገቡበት ደጅ።

ከተማዋ የዛሬ መልኳን የያዘችው ከመኪና መንገድ ጋር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ የጣልያን ጦር በዚህ መስመር ወደ ደቡብ ወረደ፤ በወረራው ዘመን ከመቀሌ በአላማጣና በቆቦ አልፎ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ለከባድ መኪና ተሠራ። ጣልያን በአዲስ አበባ ነጭና ጥቁርን በሰፈር የሚለይ ፕላን አወጣ። በትንንሾቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ግን ከፕላን ይልቅ የቀረው ቃልና ልማድ ነው። አልቤርጎ እንላለን፤ ባንኮኒ እንላለን። ከዚያም በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት፣ ቆቦ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የራያና ቆቦ አውራጃ አካል በነበረችበት ጊዜ፣ ወደ መቀሌና ወደ አሥመራ የሚያልፉት ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ቤቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደሩ። የእነዚህ ቤቶች አሠራር በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። ከፊት ለመንገዱ የተከፈተ ቡና ቤት፣ ከኋላ ረዥም ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ በሮቻቸው ወደ ውስጥ የሚከፈቱ አልቤርጎዎች፣ በመካከል አንድ ዛፍና የውኃ በርሜል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ ያው የገጠሩ ግቢ ነው፤ ጥላው በረንዳ ሆነ፣ እንግዳው ከፋይ ሆነ።

በረንዳ የዚህ ዘመን ትልቅ ስጦታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ቤቱ ከእሳትና ከፍልፈላ ዳነ፣ ለባለቤቱም ክብር ሆነ፤ ግን ነደደ። በሜዳው ሙቀት ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ እንዲዘረጋ ተደረገ፤ በእንጨት ምሰሶ ተደገፈ፤ ሥሩ ከፍ ብሎ በድንጋይ ተነጠፈ። በዚህች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ፣ ነጋዴዋ ሽንኩርቷን ዘረጋች፣ ማታ ቤተ ሰቡ ተቀመጠባት። በገበያ ቀን ከዞብል ማዶ ከብትና ግመል እየነዳ የሚመጣው የአፋር ሰው፣ ከደጋ የሚወርደው ገበሬና የከተማው ሰው ፀሐይን በአንድ በረንዳ ሥር ያሳልፋሉ። በረንዳ የማን ነው? ባለቤቱ የእኔ ነው ይላል፤ ግን ማንንም አያስነሣም።

ቪላ የሚለው ቃልም በዚሁ መንገድ ነው ወደ ኑሯችን የዘለቀው። ቃሉ በሮማውያን ዘንድ የገጠር ቤት ማለት ነበር፤ ባለጸጋው ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ የሚያርፍበት ርስት። ወደ እኛ ሲደርስ ግን በከተማ ውስጥ በግቢ መካከል ለብቻው የቆመ፣ ሳሎንና መኝታ ቤት ያለው ቤት ማለት ሆነ። እንግዲህ ከከተማ ማምለጫ የነበረው ነገር በእኛ ዘንድ የከተሜነት ማረጋገጫ ሆነ። ይህ ለውጥ ኋላ ለምናየው ችግር ቁልፍ ነው፤ ቪላ ሲመጣ የሽሽትን አሳብ በጓዙ ውስጥ ይዞ መጥቷልና።

ስለ ማረፍ ስናገር በዚህ ምድር ሰው ማረፊያ ያጣባቸውን ዓመታት ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ከወሎ እጅግ ከተጎዱት መካከል የራያ ቆላ አንዱ ነበር። ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደዚያው መኪና መንገድ ወጣ። በ1977 ዓ.ም. ዳግም በደረሰው ረኃብ ከቆቦ በስተሰሜን ባለችው ኮረም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሜዳ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያም ብዙው በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። አገዳ በሌለበት ዓመት ጥላም አጥርም የለም። ቤት የሚሠራው ከእህል ተረፈ ምርት በሆነበት አገር፣ ድርቅ ሆድንም ቤትንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያራቁተው። ከዚያ የተረፈ ሰው የብሎኬት ግድግዳ ሲያይ እኛ የምናየውን ብቻ አያይም። የማይበላ፣ የማይነድድ፣ የማይሸጥ ነገር ያያል። ይህን ሳንረዳ የሰውን የግንብ ፍቅር ብንነቅፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ። ለብዙ ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር፤ ኪራይ ቀነሰ፣ የማባረር ዛቻ ቆመ። በግቢ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ሆነ። የአንድ ባለቤት የነበረው ግቢ የብዙ ቤተ ሰቦች ሆነ። አንድ ማድ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ውኃ ከአንድ ቦኖ። በዚህ ግቢ ያደገ ሰው ሁለቱንም ይነግራችኋል፦ ጎረቤት ልጁን እንዳሳደገለትም፣ የባልና የሚስት ጠብ ሳይሰማ ያደረ ሰው እንዳልነበረም። ማካፈል ደግነት የሚሆነው ሰው ሲመርጠው ነው። ለማይመርጠው፣ በተለይም ለሴቶችና ለደሃው፣ የጋራ ግቢ የሚያደክም ነገር ነበረው።

ያው ዘመን ለከተሞቻችን በይፋ መዝናኛ የተባለ ሕንፃ ሰጠ፤ የቀበሌ መዝናኛ ክበብን። ሻይና ቢራ በቅናሽ ይሸጥበታል፣ ዳማና ጠረጴዛ ቴኒስ አለበት፣ ቴሌቪዥን ላላየ ሰው ቴሌቪዥን አለበት። በአዳራሹ ስብሰባ ይደረግበታል፤ ከስብሰባው በኋላ የኪነት ቡድን ይጫወትበታል። ሰው የሚዝናናበትና የሚጠየቅበት ጣሪያ አንድ ነበረ፤ ስለዚህ ሽማግሌው ወደ በረንዳው፣ ሴቲቱ ወደ ቡናዋ ተመለሱ። የእኔ ትውልድ ልጆች ደግሞ ከረምቡላና ጆተኒ ወደተዘረጋበት የሱቅ ደጅ ሄድን። ጆተኒ የሚቆመው ሁልጊዜ በበረንዳ ወይም በዛፍ ሥር መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አላቀደውም። አየር ባለበት ቆመ።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሕግ መጣ፤ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ጠበቀ። ቦታ በካሬ ሜትር ዋጋ ሲወጣለት ሰው በካሬ ሜትር ማሰብ ጀመረ። የማይከራይ መሬት የባከነ መሬት ሆነ። ኤል ሼፕ ቪላው የግቢውን ሁለት ጎን ያዘ፣ ሰርቪስ ቤቱ ሦስተኛውን፣ አራተኛው ጎን ላይ ግንብና የብረት በር ቆመ። በመካከል የቀረችው መኪና ለማቆም የምትበቃ የሲሚንቶ ወለል ናት። ዛፉ ሥሩ ግንቡን ያናጋል ተብሎ ተቆረጠ። የግንቡ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ። ይህን ሁሉ እንደ ሌላ ሰው ሥራ እየነገርኋችሁ አይደለም፤ አንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ለእናቴ ቆቦ ላይ ቤት ሠራሁላት። ንድፉን ራሴ አወጣሁ። የጭቃ ቤቷን አፍርሼ፣ ፊት ለፊቱ የነበረውን ጥላ አንሥቼ፣ ኒሙን አስቆርጬ፣ ሳሎኑን ሰፊ፣ ግንቡን ረዥም፣ በሩን ባለ ደወል አደረግሁት። የበረንዳውን ቦታ ለሳሎኑ ጨመርሁት፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ትክክል ነበር። እናቴ መርቃ ገባችበት። በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ ግን ከብረቱ በር ውጭ፣ በግንቡ ጥላ ሥር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ዱካ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ጀበናዋም እዚያው ነበረች። ለምን እንዲህ እንደምትሆን ስጠይቃት አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ቤትስ ሠራህልኝ፤ ደጅ ግን ነሣኸኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም፣ «ሶለሎቹ ደውሉን ፈርተው አለፉኝ» አለች። እኔ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የሥነ ሕንፃ ዲግሪ የያዝሁ፣ መልስ አልነበረኝም።

እናቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡ፤ ግቢው አልበቃውም። ከመንገዱ ላይ ተተከለ፤ ለቀስተኛው በመኪና ጥሩምባ መካከል ተቀመጠ፤ የጎረቤት ሴቶች ንፍሮውን የቀቀሉት ባልፈረሰ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ዕለት አንድ ቤት የሚመዘንበትን መለኪያ የተማርሁ ይመስለኛል። ቤት የሚመዘነው በተራ ቀን ብቻ አይደለም። ሠርግ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲመጣ፣ ሶለል ሲመጣ ይችላል ወይ ተብሎም ይመዘናል። የእኔ ቤት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ገባች፤ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉባት፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ጠፉ። የዚያን ጊዜ ታሪክ በሚገባው ክብደት የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። እኔ የምጨምረው ጎረቤቶቼ የነገሩኝን አንድ የሙያዬን ነገር ብቻ ነው። ወደ መንገድ መውጣት ባልተቻለባቸው ቀናት፣ በአሮጌዎቹ ግቢዎች መካከል በአጥሩ ውስጥ ያለችው መሹለኪያ ሰፈሩን አቆየችው። ጨው በእርሷ አለፈ፣ የበሽተኛ መድኃኒት አለፈ፣ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ወሬው አለፈ። በግንብ የታጠርነው ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን ነበርን። ረዥሙ ግንብ ከሌባ ይከልል ይሆናል፤ ከጦርነት ግን አልከለለም፣ ከጎረቤት ግን ለየ።

ይህን ስል የተመልካች ጥያቄ ይሰማኛል፤ «ታዲያ ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ?» የሚል። አይደለም። የግል ኑሮ መብት ነው፤ ልጃገረድ የምታጠናበት ክፍል፣ ባልና ሚስት የሚነጋገሩበት ግድግዳ፣ አረጋዊ የሚታጠብበት ስፍራ ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ሁለቱን በአንድ ቤት ማስማማት ነው፤ ይህም በአገራችን ተደርጎ ያውቃል። የሐረር ጌይ ቤት ከመንገድ በግንብ ተከልሏል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት አምስት ነደባዎች እንግዳን፣ ቤተ ሰብንና ሽማግሌን በየማዕርጋቸው ያስቀምጣሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም እንኳ፣ ከነጉድለቱ፣ ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ በሕንፃዎቹ መካከል አስቀምጧል። ሰው በፎቅ ቢኖርም በግ ማረዱና ድንኳን መትከሉ እንደማይቀር ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል፤ የኮሪደር ልማቱም ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። ሥራው የከተማን ገጽ መለወጡን አልክድም። የምፈራው ትንንሾቹ ከተሞች ምሳሌውን ሲወስዱ ቅርጹን ብቻ እንዳይወስዱ ነው። ለቆቦ አንድ የታጠረ ሣር ብታጥሩላት፣ በቀትር ማንም አይገባበትም፤ በክረምቱ ጎርፍ ይወስደዋል፤ በበጋው ውኃ ይጠጣል። ቆቦ መናፈሻ አላት። የተበተነ በመሆኑ ነው የማይታየን፤ በየደጁ፣ በየበረንዳው፣ በየኒሙ ሥር ነው ያለው። እየጠፋ ያለውም በአንድ ቀን አዋጅ ሳይሆን በእያንዳንዱ የግንባታ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼና በተለይ ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በመንገድ ጠርዝና በግቢ ግንብ መካከል ለመቀመጫና ለዛፍ የሚሆን ስፍራ በፕላን ይቀመጥ፤ የማንም ንብረት ባይሆንም የሁሉም ደጅ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ አንድ ድንኳን የሚተከልባት፣ ልጃገረዶች ክብ ሠርተው የሚጫወቱባት ባዶ መሬት ሳትሸጥ ትቆይ፤ ባዶ መሆኗ ሥራዋ ነውና። ሦስተኛ፣ በሞቃት ከተማ ለሚሠራ ቤት በረንዳ እንደ ጌጥ አይቆጠር። ለደንበኛችሁ ቤት ስትነድፉ ስንት መኝታ ቤት ይፈልጋሉ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መልካም ነው። ማታ የት ይቀመጣሉ? ለቅሶ ሲደርስብዎ ድንኳኑን የት ይተክላሉ? ብላችሁም ጠይቁ። እኔ እናቴን አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻ፣ ያን ቤት ምን አደረግኸው ብላችሁ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከእኅቴ ጋር ተመካክረን የፊቱን ግንብ እስከ ወገብ ዝቅ አደረግነው፤ ከሳሎኑ ላይ ቀንሰን በረንዳውን መለስነው፤ ሁለት ኒም ተክለናል። ገና ትንንሾች ናቸው፤ ጥላ አልሆኑም። ደውሉን ነቅለነዋል። በነሐሴ ሶለሎቹ ገቡ ብላ እኅቴ በስልክ ነገረችኝ፤ የከበሮውንም ድምፅ አሰማችኝ።